መኪናዋ 100 ስታልፍ ለምን ትቀብጣለች? አላይመንት የሚፈታውና የማይፈታው ችግር

ወዳጄ የሚኖረው ጀርመን ነው፤ ሽቱትጋርት አካባቢ። ዕድሜ ልኩን ሲመኛት ኖሮ በመጨረሻ አንዲት የ1970 ሞዴል ፖርሽ 911 ገዛ። ከተማ ውስጥ ስትሄድ የጨዋ ልጅ ናት። አውቶባን (የጀርመኑ ፈጣን መንገድ) ላይ ወጥታ 130 ስታልፍ ግን መሪው እጁ ላይ ይቀላል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ እሱ ግን አንዴ ትንሽ ወደ ግራ፣ አንዴ ትንሽ ወደ ቀኝ ሲያርም ይውላል። ረጅም የጭነት መኪና ሲቀድም ደግሞ ንፋሱ መኪናዋን ይዟት ሊሄድ ይደርሳል። "የማላውቀው ፈረስ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል" አለኝ በስልክ።

ሦስት ጊዜ አላይመንት አሠራ። ሦስተኛው ጋራዥ ከኮምፒዩተር አትሞ የሰጠውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ቁጥሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ልክ ነው ማለት ነው። መኪናዋ ግን ያው ናት።

ነገሩ የእሱ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ያለው ሰው የአዳማን ፈጣን መንገድ ይዞ ሲወርድ ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል። በ50 እና በ60 ሰላም የነበረች መኪና እዚያ ሌላ ጸባይ ታወጣለች። ያኔ ሁሉም አፉ ላይ የሚመጣለት ቃል አንድ ነው፤ "አላይመንት"። አላይመንት ግን የተወሰነ ሥራ ነው። የሚፈታው ችግር አለ፤ የማይፈታው ይበልጣል።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

"መኪናዬ አትረጋጋም" ማለት በትክክል ምን ማለት ነው?

ሐኪም ፊት ቀርቦ "አመመኝ" ብሎ ዝም የሚል ሰው የለም። የት? መቼ? እንዴት ያደርግሃል? መኪናም እንደዚያው ነው። ክሪክ ከማውጣት በፊት ስሜቱን መለየት ግማሽ ሥራ ነው።

መሪው እጅ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ችግሩ ያለው የሚሽከረከር ነገር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የፊት ጎማ ወይም ቸርኬ ነው። መሪው ዝም ብሎ ወንበሩ ከተንቀጠቀጠ ወደ ኋላ ጎማዎች ሂዱ።

መኪናዋ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ ካደላች "ትጎትታለች" ነው የሚባለው። እዚህ ላይ ተጠርጣሪዎቹ የጎማ ንፋስ ልዩነት፣ ረግጠው ሲለቁት ሙሉ በሙሉ የማይለቅ ፍሬንና ራሱ ጎማው ናቸው። አላይመንት ከእነሱ በኋላ ነው የሚመጣው። ጎማውን ለመያዝ ቀላል ዘዴ አለ። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ግራና ቀኝ አቀያይሩ። መጎተቱ አብሮ ጎን ከቀየረ ጥፋተኛው ጎማው ነው።

ጎን ሳትመርጥ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የምትል ከሆነ የላላ መጋጠሚያ፣ ያረጀ ጎማ ወይም የተዛባ ልኬት አለ። ጉብታ ስትነካ ብቻ አቅጣጫ የምትቀይር ከሆነ ይህ የራሱ ታሪክ ያለው በሽታ ነው፤ እመለስበታለሁ። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ቀስ በቀስ የምትቀል ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የክብደትና የአየር ነው። የወዳጄ መኪና ይህች ናት።

90 ላይ ተንቀጥቅጣ 110 ላይ የምትተወውስ?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ መልሱ ልጅነት ውስጥ ስላለ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። የ911 ዓይነት ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ላይ የገባ ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል። አሁን ቸርኬው በአንድ ጎኑ 30 ግራም ከበደ እንበል። ጥቂት ሳንቲሞች ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት 30 ግራሟ ከ4 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ጎማውን ወደ ውጭ ትጎትተዋለች። በ120 ደግሞ 6 ኪሎ ታልፋለች። ያውም በየዙሩ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ።

ታዲያ ጉልበቱ ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ከሆነ ለምን 110 ላይ ይተዋታል? ዥዋዥዌን አስቡ። ልጅ ስትገፉ ልክ ወደ እናንተ መጥታ ስትመለስ ከገፋችኋት በአንድ ጣት እንኳ ሰማይ ትደርሳለች። ያለ ጊዜው ብትገፉ ግን የቱንም ያህል ጉልበት ብታወጡ አትሄድም። ጎማውና የያዘው ሞላም የራሳቸው የመወዛወዝ ምት አላቸው። በብዙ መኪኖች በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ነው። 90 እና 100 አካባቢ የጎማው ዙር ከዚህ ምት ጋር ይገጥማል፤ ትንሿ ክብደት ልክ በሰዓቷ ትገፋለች። ፍጥነቱ ሲያልፍ ምቱ ይለያያል፤ መሪው ዝም ይላል። ዝም አለ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ሾክ አብዞርበሩ የደከመ መኪና ላይ ደግሞ ውዝዋዜውን የሚያፍን ስለሌለ ይብሳል።

መድኃኒቱ ባላንስ ነው። ባላንስና አላይመንት እንደ መንትያ አብረው ስለሚጠሩ ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ባላንስ ሲሠራ ጎማው ከመኪናው ወጥቶ ማሽን ላይ ይሽከረከራል፤ የቀለለው ጎን ላይ ትንሽ የብረት ክብደት ይለጠፋል። አላይመንት ግን ጎማዎቹ መኪናው ላይ እንዳሉ ወዴት እንደሚመለከቱ መለካት ነው። የሚንቀጠቀጥ መሪን በአላይመንት ለማዳን መሞከር ለጥርስ ሕመም መነጽር መግዛት ነው።

እዚህ ላይ አሮጌ መኪና ያላችሁ ልብ በሉ። የክት መኪና ብዙ ይቆማል። ለወራት በአንድ ቦታ የቆመ ጎማ መሬት የነካው ጎኑ ጠፍጠፍ ይላል። አንዳንዴ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ሲሞቅ ይስተካከላል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይመለስም። የጎማው ጥርስ ጥልቅ መሆኑ ደግሞ አያታላችሁ። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 3512 ካለ በ2012፣ በ35ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካገኛችሁ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ እሱን ሙዚየም ስጡት። ያረጀ ጎማ ይደርቃል፤ ይጠነክራል። መንገዱን መንከስ ትቶ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ሰውየው መሪ ላላ ብሎ ያስባል፤ የላላው ግን የጎማው ጥርስና የአስፋልቱ ፍቅር ነው።

አላይመንት ራሱ ምንድን ነው?

ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። ቶ፣ ካምበርና ካስተር።

ቶን ለማየት መኪናዋን ከላይ እንደ ወፍ ተመልከቷት። የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ከተጠጋጋ፣ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ እንደሚራመድ ሰው ነው። ወደ ውጭ ከተከፈተ እንደ ዳክዬ ነው። ለፍጥነት ከሦስቱም ወሳኙ ይህ ነው። በጣም ትንሽ ስለሆነም ይናቃል። የ15 ኢንች ቸርኬ የፊትና የኋላ ጠርዝ የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ቢኖረው ጎማው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 2.6 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋቀ ይሄዳል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለውን መንገድ አስሉት። ጎማ በአንድ ጠርዙ ብቻ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

የፊት ጎማዎች ጥቂት ወደ ውስጥ ሲሰበሰቡ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ መኪናዋ ቀጥ ብላ መሄድ ይቀላታል። ወደ ውጭ ሲከፈቱ ግን እያንዳንዱ በየፊናው መሄድ ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት የበለጠ መሬት የጨበጠው ያሸንፋል፤ ከዚያ ሌላው። እጃችሁ ላይ የሚሰማው ያ መዋለል የሁለቱ ክርክር ነው። ከኋላ ጎማዎች አንዱ ወደ ውጭ ከተከፈተ የባሰ ነው። የኋላው መሪ የለውም፤ እናንተ ሳታዙት መንዳት ይጀምራል።

ካምበር ከፊት ሲታይ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ለኩርባ ይጠቅማል። ቀጥታ መንገድ ላይ የሚያስቸግረው ግራና ቀኙ ሲለያይ ነው፤ ያኔ መኪናዋ ትጎትታለች።

ካስተርን ለመረዳት ሳይክል ይበቃል። የሳይክል ፊት ለፊት ያለው ሹካ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ወደ ፊት ተዘርግቷል። እጁን ለቆ የሚነዳ የሰፈር ልጅ የሚመካው በዚህ ነው። ጎማው መሪው ከሚዞርበት መስመር ኋላ ስለሚከተል ራሱን ይመልሳል። በ911 ላይ ይህ ማዕዘን 6 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዘመኑ ብዙ ነው። ከኩርባ ወጥታችሁ መሪውን ስትለቁት በራሱ ካልተመለሰ ካስተርን ጠርጥሩ።

ታዲያ ወረቀቱ አረንጓዴ ሆኖ መኪናዋ ለምን አልዳነችም?

ማሽኑ የለካው የቆመች መኪና ነው። እናንተ የምትነዱት የምትሮጠውን ነው።

እግሮቹ የላሉ ጠረጴዛ አለ እንበል። ውኃ ልክ አስቀምጣችሁ ልክ ነው ትሉ ይሆናል፤ ክርናችሁን ስታሳርፉበት ግን ይሄዳል። ሃምሳ ዓመት የሞላው ላስቲክ፣ የተበላ መጋጠሚያ፣ የላላ ኩሽኔታ ያለበት መኪና እንዲሁ ነው። ጋራዡ ውስጥ ቶው ልክ ነው። 120 ላይ መንገዱ ጎማውን ወደ ኋላ ሲገፋው ላስቲኩ ይተኛል፤ ልኬቱም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ከአላይመንት በፊት አንድ የሁለት ደቂቃ ምርመራ አለ። መኪናዋን በክሪክ አንሱ፤ ከሥሯ ጠንካራ መቆሚያ አድርጉ (በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅም አይገባም)። ጎማውን ላይና ታች፣ 12 እና 6 ላይ ይዛችሁ ነቅንቁ። የእኛም ሰዓት ይሁን የፈረንጁ ለውጥ የለውም። ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው ወይም ጎማውን ከታች የያዘው ቦልጆይንት ነው። አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና ደግማችሁ ነቅንቁ፤ ድምፁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦልጆይንቱ። ከዚያ 9 እና 3 ላይ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁ። አሁን የሚያወራው ታይሮዱ ነው፤ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ። ከእነዚህ አንዱ ከላላ አላይመንት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቅደም ተከተልም አለ። ጎማና ንፋስ ይቀድማል። ከዚያ የላላ ይጠብቃል። ከዚያ የመኪናዋ ከፍታ ይስተካከላል፤ ከፍታው ሲቀየር ማዕዘኖቹ ሁሉ ስለሚቀየሩ። ከዚያ የኋላ ጎማዎች። የፊቱ መጨረሻ ነው። ሲሮጥ ኋላ እግሮቹ ከፊቶቹ መስመር ወጣ ብለው አካሉን አጣሞ የሚሄድ ውሻ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። የኋላ ጎማዎቿ ወደ ጎን የሚገፉ መኪናም እንዲህ ናት። የፊቱን ብቻ ብታስተካክሉ መሪው ተጣሞ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

በነገራችን ላይ ማሽኑ ያላየው ሌላም ነገር አለ። በወዳጄ መኪና ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጋራዦች ከፍታ አልለኩም። ሹፌር ወንበሩ ላይ አልነበረም። ታንኩ ውስጥ ምን ያህል ቤንዚን እንዳለ የጠየቀ የለም። በ911 ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

911 ምን የተለየ ነገር አላት?

ታሪኩ ከቮልስ ይጀምራል። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ልጁ ፌሪ በ1948 የቤተሰቡን ስም የያዘችውን የመጀመሪያ ስፖርት መኪና፣ 356ን፣ አብዛኛውን ዕቃ ከቮልስ ወስዶ ሠራ። የልጅ ልጁ ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ደግሞ የ911ን ቅርጽ አወጣ። በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ስትታይ ስሟ 901 ነበር። ፔዦ "መሃሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አሃዝ ስም የእኔ ነው" ሲል 911 ሆነች። ሞተሯ ግን እንደ አያቷ ኋላ ቀረ፤ ያውም ከኋላ ጎማዎች ወዲያ። ከክብደቷ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው ከኋላ ነው።

ይህ ምን ችግር አለው? ጦርን ተመልከቱ። ብረቱ ከፊት የሆነው ለመውጋት ብቻ አይደለም። ከባዱ ፊት ሲሆን ቀሪው ይከተላል፤ ጦሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ገልብጣችሁ ብትወረውሩት አየር ላይ ሊዞር ይታገላል። ኋላዋ የከበደ መኪናም ከጎን ንፋስ ሲመታት አፍንጫዋን ይዞ ያዞራታል። ኩርባ መሃል እግር ከነዳጅ መርገጫው ላይ በድንገት ሲነሳ ደግሞ ኋላዋ ልቅደም ይላል። የድሮ 911 ነጂዎች ይህን የሚያውቁት በወሬ አይደለም።

ፋብሪካው ራሱ ያውቅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ላይ የወሰደው እርምጃ ያስቃል። የፊት ፓራውልቱ ሁለት ጫፎች ውስጥ 11 ኪሎ፣ 11 ኪሎ የሚመዝን ብረት አሰሩ። እግር እንዲከብድ ኪስ ውስጥ ድንጋይ እንደመክተት ነው። ቁም ነገር ያለው መፍትሔ የመጣው ለ1969 ሞዴል ነው። የኋላ ጎማዎቹን 57 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ገፏቸው፤ ሞተሩ ባለበት ቀረ። አንዱን ባትሪ በሁለት ተክተው ከፊት መብራቶቹ ኋላ ግራና ቀኝ አስቀመጧቸው። ለክብደት ነው።

ቀጥሎ አየር መጣ። የ911 ጎን ከሩቅ ሲታይ የአውሮፕላን ክንፍ ይመስላል፤ ከላይ ጉብ ያለ፣ ከታች ጠፍጣፋ። አየሩ ከላይ ሲፈጥን መኪናዋን ወደ ላይ ይስባታል። ይህ ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ልክ አይደለም የሚያድገው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ60 የማይሰማ ነገር በ120 የሚሰማው ለዚህ ነው። ለ1972 ሞዴል ኤስ የምትባለዋ 911 ከፊት ፓራውልቱ ሥር ትንሽ ከንፈር አገኘች፤ አየሩ ከሥር እንዳይገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ካሬራ አርኤስ 2.7 የምትባለዋ 911 ከኋላ ክዳኗ ላይ እንደ ዳክዬ ጭራ ብቅ ያለ ነገር ይዛ መጣች። ሰው ለውበት ይመስለዋል። ኋላውን መሬት ላይ ለማቆየት ነው።

የቆየ ታሪክ ነው እንዳትሉ። በ1998 የወጣችው የመጀመሪያዋ አውዲ ቲቲ ቅርጿ ክብ፣ ኋላዋ ለስላሳ ነበር። ጀርመን ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት አደጋዎች ከደረሱ በኋላ ኩባንያው መኪኖቹን ጠርቶ ኋላቸው ላይ ትንሽ ክንፍ ገጠመ፤ የሥር ዕቃቸውንም አስተካከለ። ያ ችግር በአላይመንት ብቻ የሚፈታ አልነበረም።

ቮልስስ?

አያትየዋም በሽታው አለባት፤ ፍጥነቷ ዝቅ ስለሚል አይታወቅም እንጂ። የአዳማ መንገድ በ2014 ሲከፈት ብዙ የአዲስ አበባ ቮልስ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ሳትቆም መሮጥ ቻለች። አዳማ አጠገብ የቆሙት የንፋስ ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም፤ እዚያ ንፋስ አለ። ክብ አካል፣ ቀላል አፍንጫ፣ ከጎን ንፋስ። ሁለት እጅ መሪ ላይ ያስፈልጋል፤ ፍጥነቱንም መቀነስ።

አራቱንም ጎማ እኩል መሙላት ምን አለበት?

ብዙ አለበት። ይህን ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ተጠንቀቁ፤ አራቱንም እኩል መሙላት ልማድ ነው። ለአብዛኛው ዘመናዊ መኪና ያን ያህል አይጎዳም። ሞተሯ ኋላ ለሆነ አሮጌ መኪና ግን ንፋሱ ራሱ የአሠራሯ አካል ነው። የፊቱ ለስለስ፣ የኋላው ጠንከር ማለት አለበት። ለስላሳው የፊት ጎማ ለመሪ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይታዘዛል፤ ኋላው ፊቱን እንዳይቀድም ያ መዘግየት ይጠብቃታል።

አሜሪካ ውስጥ በ1960 ሞዴል የወጣችው ሼቭሮሌ ኮርቬይር እዚህ ላይ ትጠቀሳለች። ሞተሯ ኋላ ነበር። ፋብሪካው ያዘዘው ንፋስ ከፊት 15፣ ከኋላ 26 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ነበር። 15 ያየ ሰው ሁሉ ጎማው የጎደለ መስሎት ይሞላል። ያኔ ኋላዋ ቶሎ የሚወጣ መኪና ትሆናለች። ስለ ደኅንነቷ አገር ያወቀው ክርክር ሲነሳ ከጉዳዮቹ አንዱ ይኸው ንፋስ ነበር። የእናንተን መኪና ቁጥር ከመመሪያ መጽሐፏ አንብቡ፤ ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ሙሉ።

ጉብታ ስትነካ ብቻ የምትዘልስ?

ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ ሁለት ነገሮች ይዘውታል፤ የታችኛው ክንድና የመሪው ዘንግ። ሁለቱ ተመሳሳይ ቅስት እየሠሩ መውጣትና መውረድ አለባቸው። ካልተጣጣሙ ጎማው በተነሳ ቁጥር ዘንጉ ይገፋዋል ወይም ይስበዋል። መሪውን ሳትነኩ ጎማው ይዞራል ማለት ነው። ፋብሪካው ሁለቱን አጣጥሞ ነው የሚልከው። ከዚያ አንዱ ለውበት ብሎ መኪናዋን መሬት ያስነካታል፤ ስምምነቱ ይፈርሳል። ዝቅ የተደረገ 911 ላይ የሚሠራው መፍትሔ መሪውን የሚያዞረውን ሳጥን ከሥሩ ደግፎ ከፍ ማድረግ ነው። ወይም መኪናዋን ወደ ቁመቷ መመለስ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ቤት ውስጥ በገመድ መለካት ይቻላል?

ይቻላል። ቶን ብቻ ግን። ሜዳው ለጥ ያለ ይሁን። መኪናዋን ወዲህ ወዲያ ገፍታችሁ አቁሟት፤ መሪው ቀጥ ይበል። ከፊት ጎማዎች ሥር ሁለት ሁለት ፌስታል ደርባችሁ አንጥፉ፤ ጎማው ሳይታገል እንዲንሸራተት። ከዚያ በግራና በቀኝ በጎማው መሃል ከፍታ ክር ወጥሩ። ክሩ ከሁለቱ የፊት ጎማዎች መሃል እኩል፣ ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃልም እኩል ይራቅ። የፊቱና የኋላው ቁጥር አንድ ላይሆን ይችላል፤ የብዙ መኪና የፊትና የኋላ ስፋት ይለያያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

አሁን ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝ፣ ከዚያ እስከ ኋላ ጠርዙ ለኩ። የፊቱ ርቀት ከበለጠ ጎማው አፍንጫውን ወደ ውስጥ ሰብስቧል። ጎማውን ግማሽ ዙር አዙራችሁ ደግማችሁ ለኩ። ቁጥሩ ከተቀየረ ቸርኬው ተጣሟል፤ የለካችሁት ቶን ሳይሆን ቸርኬውን ነው። ካምበርና ካስተርን ለባለሙያ ተዉት።

የወዳጄ መኪና ምን ሆነች?

ባለፈው በጋ ሄድኩለት። አሮጌ መኪና የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ጋ አብረን ወሰድናት። ሰውየው ወረቀቶቹን አላያቸውም። መጀመሪያ የፊቱን ኮፈን ከፈተ፤ የ911 ዕቃ መጫኛ ከፊት ነው። ስኮርታው (ተጠባባቂው ጎማ) መኖር ያለበት ቦታ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አገኘ። ባትሪዎቹን ፈለገ፤ የድሮው ባለቤት ሁለቱንም አውጥቶ አንዲት ትንሽ ቀላል ባትሪ ገጥሟል። የነዳጁን መቁጠሪያ አየ፤ ሩብ። የዚህች መኪና ታንክ 62 ሊትር ይይዛል፤ ያለውም ከፊት ነው። ሙሉውና ባዶው በክብደት 45 ኪሎ ገደማ ይለያያሉ። አፍንጫዋ ደግሞ ከኋላዋ አንጻር ከፍ ብላ ቆማለች፤ አየሩ ከሥሯ በቀላሉ ይገባል። ተንበርክኮ የጎማውን ቁጥር አነበበልን፤ 2306። ጥርሱ አዲስ ይመስላል፤ በጥፍር ሲጫኑት ግን እንደ ፕላስቲክ ነው።

የመጀመሪያ ትእዛዙ መፍቻ አልጠየቀም። "ታንኩን ሙላ፣ ከእኔ ጋራዥ ስኮርታ ውሰድና ጫን፣ ንፋሱን በመጽሐፉ ልክ አድርግ፣ ነድተህ ተመለስ።" ነድተን ተመለስን። ግማሹ ችግር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው አዲስ ጎማ የገባው፣ የፊቱ ከፍታ ዝቅ ያለው፣ አራተኛው አላይመንት የተሠራው፤ ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ታንኩ ሞልቶ።

አሁን የጭነት መኪና ሲቀድም መሪውን አያጠብቅም። ቅሬታ ያላት ሚስቱ ናት። ስኮርታው የሻንጣዋን ቦታ ወስዶባታል፤ ገበያ ሲሄዱ ካርቶኑን ጭኗ ላይ ይዛ ነው የምትመለሰው።